ወደ ብራዚል ለሚጓዙ፦ ከመነሻ እስከ መመለሻ ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ የምትገኝ፣ ከአህጉሩ የቆዳ ስፋት ግማሽ የሚጠጋውን የያዘች አገር ናት። ስፋቷ 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ይህም ከኢትዮጵያ ስፋት ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት 203 ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርባት ሲሆን በ26 ክፍላተ ሀገርና በአንድ የፌዴራል ወረዳ የተዋቀረች ናት። በአህጉሩ ካሉት አገሮች መካከል ከቺሊና ከኢኳዶር በስተቀር ከሁሉም ጋር ትዋሰናለች።

ቀደም ባሉት ዓመታት ወደዚህች አገር የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ባለሥልጣናትና ባለሙያዎች ቁጥር ጥቂት ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ከሆነች ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። የቡድኑ የመሪዎች ጉባዔ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ 30ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔም በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በቤሌም ከተማ ተካሂደዋል። 32ኛውን የአየር ንብረት ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2027 የምታስተናግደው ኢትዮጵያ በመሆኗ በሁለቱ አገሮች መካከል የሚደረገው የሥራ ጉዞ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይመስልም። የሚከተሉት መረጃዎች በተለይ ለሥራ ለሚላኩ ሠራተኞች ጠቃሚ ይሆናሉ ተብሎ የተሰባሰቡ ናቸው።

ቪዛና የጉዞ ሰነድ

ተራ ፓስፖርት የያዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ብራዚል ከመነሳታቸው በፊት አዲስ አበባ ከሚገኘው የብራዚል ኤምባሲ ቪዛ ማግኘት ይኖርባቸዋል። የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች የሚስተናገዱበት ሥርዓት የተለየ ስለሆነ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለጉብኝት፣ ለስብሰባና ለንግድ ግንኙነት የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ ሲሆን በአንድ ጊዜ እስከ 90 ቀን ለመቆየት ያስችላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የብራዚል የፍልሰት ሕግ የጉብኝት ቪዛ የያዘ ሰው በአገሪቱ ውስጥ ተቀጥሮ ደመወዝ እንዳይቀበል ይከለክላል። ነገር ግን የውሎ አበልና የትራንስፖርት ወጪ መቀበልን አይከለክልም። በመሆኑም የብራዚል ተቋም ወጪውን የሚሸፍንለት ተጋባዥ በጥሪ ደብዳቤው ላይ ክፍያው የውሎ አበል መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ ቢጠይቅ መልካም ነው። ከተፈቀደው ቀን በላይ የሚቆይ ሰው ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ቀን ይቀጣል።

በማመልከቻ ቅጾች ላይ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ የማይጠብቁት አንድ ጥያቄ አለ። በብራዚል የአንድ ሰው ማንነት የሚለየው በእናቱም ስም ጭምር ነው። ከሆቴል ምዝገባ እስከ ሆስፒታል ካርድ የእናት ሙሉ ስም ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ሰው የእናቱን ስም በላቲን ፊደል በሄደበት ሁሉ በተለያየ መንገድ ከጻፈ ችግር ሊፈጠር ስለሚችል አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናት ይገባል። ለሕጋዊ ጉዳይ የሚቀርቡ ሰነዶች ደግሞ በብራዚል ውስጥ ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ወደ ፖርቱጋልኛ ካልተተረጎሙ ተቀባይነት የላቸውም።

በሳኦ ፓውሎ አድርገው ወደ ሌላ አገር የሚያልፉ መንገደኞችም ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 መጨረሻ ጀምሮ የብራዚል ቪዛ ሳይኖራቸው በትራንዚት የሚገቡ መንገደኞች ወይ ወደ መድረሻቸው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ተነሱበት እንዲመለሱ ወስኗል። ከዚህ በፊት የትራንዚት ቲኬት ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያው ጥገኝነት የመጠየቅ መንገድ ለብዙዎች ክፍት እንደሆነ ደላሎች ይናገሩ ነበር። ይህን አምኖ ጥሪቱን የሚሸጥ ሰው ካለ የሚጠብቀው መመለስ ነው።

በረራና ርቀት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ብራዚል መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ሲሆን በዚያን ጊዜ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል ነበር። ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ የሚደረገው ቀጥታ በረራ 12 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከከተማዋ መሐል 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጓሩልዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሳኦ ፓውሎ የምትገለገልባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች ግን ሦስት ናቸው። ኮንጎኛስ የሚባለው በከተማዋ ውስጥ የሚገኝና የአገር ውስጥ በረራዎችን የሚያስተናግድ ሲሆን ቪራኮፖስ የሚባለው ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በካምፒናስ ከተማ ይገኛል። የአገር ውስጥ ቲኬት ሲቆረጥ ዋጋው ረከሰ ተብሎ መነሻው ሳይታይ ከተገዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በሳኦ ፓውሎ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ወደ ብራዚሊያ የሚቀጥል ተጓዥ በዚያው በጓሩልዮስ የሚነሳ በረራ እንዲመርጥ ይመከራል። በሪዮም እንዲሁ ሁለት ማረፊያዎች አሉ፤ ጋሌያዎ ዓለም አቀፍ በረራዎችን፣ ሳንቶስ ዱሞን የአገር ውስጥ በረራዎችን ያስተናግዳሉ።

የአገሪቱን ስፋት በካርታ ላይ አይቶ መገመት ያስቸግራል። ከሳኦ ፓውሎ ሪዮ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከሳኦ ፓውሎ ብራዚሊያ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ፣ በአማዞን ደን መካከል ወደምትገኘው ወደ ማናውስ ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይበረራል። የረጅም ርቀት አውቶቡሶቹ ምቹና ሰዓት አክባሪ ናቸው፤ ቲኬት ሲገዛ ፓስፖርት ስለሚጠየቅ ዋናውን ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

የሰዓትና የቀን አቆጣጠር

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ብራዚል የምትሰጠው ያልተጠበቀ ምቾት ሰዓቷ ነው። የብራዚሊያ፣ የሳኦ ፓውሎና የሪዮ ሰዓት ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የአገራችን የሰዓት አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ብራዚል ላይ ሳይነካ በትክክል የአካባቢውን ሰዓት ያሳያል። አዲስ አበባ ቀትር ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን ብራዚሊያም ከንጋቱ ስድስት ሰዓት ነው። ብራዚል በበጋ ወራት ሰዓት ማዛወርን እ.ኤ.አ. በ2019 ስላስቀረች ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ማናውስ ግን ከብራዚሊያ በአንድ ሰዓት፣ በምዕራብ ጫፍ ያለው የአክሬ ክፍለ ሀገር በሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ።

ለሥራ ግንኙነት ሲታሰብ ይህ ልዩነት ጠባብ ነው። በብራዚሊያ ጠዋት 3 ሰዓት ማለትም በእነርሱ አጠራር 9 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲከፈት በአዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ የሚፈልግ ልዑክ በአዲስ አበባ ቢሮዎች እስከሚዘጉበት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በማግሥቱ ነው።

የሳምንቱ ቀናት ስያሜም ለግእዝ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ፖርቱጋልኛ ከእሑድ ጀምሮ እየቆጠረ ሰኞን ሁለተኛ፣ ማክሰኞን ሦስተኛ፣ ረቡዕን አራተኛ፣ ሐሙስን አምስተኛ፣ ዓርብን ስድስተኛ ብሎ ይጠራል። ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ኀሙስ ከሚለው የግእዝ ቆጠራ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በቀጠሮ ማስታወሻ ላይ «ኩዊንታ» ተብሎ የተነገረው ሐሙስ ነው ማለት ነው።

ስብሰባና ጉብኝት ሲታቀድ ከዐቢይ ጾም በፊት የሚውለውን የካርኒቫል ሳምንት መተው ያሻል። ቀኑ በምዕራባውያኑ ፋሲካ ላይ ተመሥርቶ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በዓሉ ሲከበር መሥሪያ ቤቶች እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ድረስ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። በዓሉን ለማየት ያልመጣ ሰው ያተረፈው ውድ የሆቴል ሒሳብ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ኅዳር 20 ቀን የጥቁሮች ንቃተ ኅሊና ቀን በመባል በአገር አቀፍ ደረጃ የሚከበር በዓል ሆኗል።

ገንዘብ፣ ደረሰኝና ሒሳብ ማወራረድ

የአገሪቱ ገንዘብ ሬያል ሲባል ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1994 ነው። ብር በብራዚል አይመነዘርም። የአሜሪካ ዶላር በባንኮችና ፈቃድ ባላቸው የምንዛሪ ቤቶች ይለወጣል። ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ወይም ተመጣጣኝ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባም ሆነ የሚወጣ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። ከአገር ሲወጣ ደግሞ ባንኩ የውጭ ምንዛሪውን ሲሰጥ የሚያዘጋጀውን ሰነድ ከፓስፖርት ጋር መያዝ ይገባል።

ብራዚላውያን ከገንዘብ ኖት ይልቅ በካርድና «ፒክስ» በሚባለው፣ ማዕከላዊ ባንኩ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሥራ ባስጀመረው የስልክ ክፍያ ይጠቀማሉ። ፒክስ የአገሪቱን የባንክ ሒሳብና ሲ.ፒ.ኤፍ. የተባለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስለሚጠይቅ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ አያገለግልም። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ትንንሽ ኖቶችን አስቀድሞ መመንዘር ይኖርበታል፤ ባለ 200 ሬያል ኖት ይዞ ውኃ ለመግዛት መሞከር መልስ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ሒሳብ የሚያወራርድ ሠራተኛ ሁለት ነገር ያስታውስ። አንደኛ፣ ገንዘብ ተቀባዮች በየመደብሩ ሲ.ፒ.ኤፍ. በደረሰኙ ላይ ይስፈር እንደሆነ ይጠይቃሉ። ይህ የብራዚላውያን ጉዳይ ስለሆነ «ናዎ» ማለትም አይ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን «ኖታ ፊስካል» የሚባለው ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። የካርድ ማሽን የሚያወጣው ወረቀት ብቻውን የግዢ ደረሰኝ አይደለም። ሁለተኛ፣ በብራዚል ሺህን የሚለየው ነጥብ፣ አሥርዮሽን የሚለየው ኮማ ነው። 1.250 ተብሎ የተጻፈው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ 1,250 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ አንድ ሬያል ከሩብ። በውልና በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ይህን አገላብጦ ያነበበ የግዢ ባለሙያ የሚፈጥረውን ጣጣ መገመት አያዳግትም።

በምግብ ቤቶች ሒሳብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ይቀርባል። በሕግ ግዴታ ባይሆንም ሁሉም ይከፍለዋል፤ ከዚያ በላይ ጉርሻ አይጠበቅም።

ጤና

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ዋናው የጤና ጉዳይ የወባ ትንኝና በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ናቸው። የቢጫ ወባ ክትባት በአብዛኛዎቹ የብራዚል ክፍላተ ሀገር ለሚጓዝ ሰው ይመከራል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በሽታው ሚናስ ዠራይስ፣ ሪዮና ሳኦ ፓውሎ ክፍላተ ሀገር ተከስቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ ከዚያ በፊት ሥጋት የለባቸውም ይባሉ የነበሩ የባሕር ዳርቻ አካባቢዎችም ክትባት ከሚመከርባቸው መካከል ተካተዋል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል በመሆኑ በቢጫ ካርዳቸው ላይ የ10 ዓመት ገደብ የተጻፈባቸው ሰዎች እንደገና እንዲከተቡ አይገደዱም።

ወባ ያለው በአማዞን ተፋሰስ ክፍላተ ሀገር ሲሆን ዴንጊ ትኩሳት ግን ታላላቆቹን ከተሞች ጨምሮ በመላ አገሪቱ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዴንጊ እንደተያዙ የተገመተ ሲሆን ይህም በአገሪቱ ታሪክ ከፍተኛው ነው። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን በመሆኑ አጎበር ብቻውን አይከላከልም፤ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም የተሰማው ሰው ሐኪም ሳያየው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ የለበትም፤ መድማትን ያባብሳሉ። ከተመለሱ በኋላ በቀናት ውስጥ ትኩሳት ከተነሳም ለሐኪሙ ከብራዚል መምጣትን መንገር ይገባል፤ አለዚያ ምርመራው በወባና በታይፎይድ ዙሪያ ሲሽከረከር ጊዜ ይባክናል።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕገ መንግሥት ያቋቋመው የሕዝብ ጤና አገልግሎት ድንገተኛ ሕመም ለገጠመው የውጭ ዜጋም በነጻ ሕክምና ይሰጣል። የግል ሆስፒታሎች ግን ውድ ስለሆኑ የጉዞ መድን መግዛት ይመከራል። አምቡላንስ በ192፣ ፖሊስ በ190፣ የእሳት አደጋ በ193 ይጠራል።

ምግብና ጾም

ለጿሚ ኢትዮጵያዊ ብራዚል አስቸጋሪ አገር አይደለችም፤ ሩዝና ቦሎቄ የየዕለቱ ምግብ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው በአጠያየቁ ላይ ነው። «ሴም ካርኔ» ሥጋ የሌለበት ማለት ቢሆንም ብዙ ብራዚላውያን «ካርኔ» ሲባል የሚረዱት የበሬ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ ያለበት ምግብ በቅን ልብ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ቦሎቄውም ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚሠራ ለክርስቲያኑ ጿሚም ለሙስሊሙም በስም እየጠሩ መጠየቅ ይሻላል፤ አሳማ «ፖርኮ» ነው። ታዋቂው ፌይዦአዳ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ሥጋ ጋር የሚሠራበት ወጥ ነው። በሳኦ ፓውሎ ከሶሪያና ከሊባኖስ የመጡ ሰዎች ዝርያዎች በብዛት ስለሚኖሩ የሐላል ምግብ ቤትና መስጊድ ማግኘት ይቻላል።

የሥራ ቀን ምሳ በኪሎ ተመዝኖ በሚሸጥባቸው ቤቶች መብላት ርካሽና ፈጣን ነው፤ ተመጋቢው የፈለገውን ራሱ አንስቶ ሳህኑን ያስመዝናል። ከምሳ በኋላ ስኳር የበዛበት ትንሽ ቡና ይቀርባል። ቡና ወደ ብራዚል የገባው እ.ኤ.አ. በ1727 ከፈረንሳይ ጉያና እንደሆነ ይነገራል፤ ዛሬ አገሪቱ በዓለም ቀዳሚዋ አምራች ናት። በቡናው ዘርፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳኦ ፓውሎ ከደረሱ በቀድሞው የቡና ግብይት ሕንጻ ውስጥ ያለውን የሳንቶስ ወደብ የቡና ሙዚየም ቢያዩ ቀኑ አይቆጫቸውም።

ጸጥታ

በታላላቆቹ ከተሞች ስልክ መንጠቅ የዘወትር ነገር ነው። በመንገድ ዳር ቆሞ ካርታ በስልክ መመልከት፣ በመኪና መስኮት በኩል ስልክ ይዞ መታየት ለቀማኛ ምልክት መስጠት ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ሲያጋጥም ያለ ክርክር መስጠት እንጂ መታገል አይገባም። ገንዘብ በቀን፣ በባንክ ወይም በገበያ አዳራሽ ውስጥ ከሚገኙ ማሽኖች ማውጣት ይሻላል። ፋቬላ በሚባሉት የተጨናነቁ ሰፈሮች ያለ አካባቢው ሰው አይገባም፤ የስልክ አቅጣጫ ጠቋሚ አቋራጭ ብሎ ወደዚያ የመራቸው ጎብኚዎች ላይ አደጋ ደርሶ ያውቃል።

ስለ ብራዚሊያ

ዋና ከተማዋ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1960 የተመረቀች፣ ሉሲዮ ኮስታ ፕላኗን ያወጣላት፣ ኦስካር ኒዬማየር ሕንጻዎቿን የነደፈላት ከተማ ስትሆን ከ1987 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ በተመረቀችበት ዓመት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ ነበር የመንግሥት ግልበጣ ሙከራው ወሬ የደረሳቸው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሕንጻዎች ሆነው ተሰልፈዋል፤ ሆቴሎች ለብቻቸው፣ ኤምባሲዎች ለብቻቸው ተከፍለዋል። አድራሻ በጎዳና ስም ሳይሆን በፊደልና በቁጥር ስለሚነገር ተጽፎ መያዝ አለበት። በእግር መሄድ የማይመች ከተማ ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሚሆን ውኃ መጠጣት ግድ ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚገኘው እዚሁ ስለሆነ ሳኦ ፓውሎ ላይ ፓስፖርቱ የጠፋበት ሰው ከአሥር ሰዓት በላይ ከሚፈጅ የመኪና መንገድ ማዶ ነው ያለው። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ቅጂ ለይቶ ማስቀመጥ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቋንቋው ፖርቱጋልኛ እንጂ ስፓኒሽ አይደለም። ከታላላቅ ሆቴሎች ውጭ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ብዙ አይገኝም። ስልክ ቁጥር ሲነገር ስድስትን «ሜያ» ይሉታል። በር ላይ የሚለጠፈው «ፑሺ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ግፋ የሚል ቢመስልም ሳብ ማለት ነው። ሰው በመጀመሪያ ስሙ ስለሚጠራ በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊ ባዕድነት አይሰማውም።

ለመመለስ

የኤሌክትሪክ ኃይል እንደየከተማው ይለያያል፤ ብራዚሊያ 220፣ ሪዮና አብዛኛው ሳኦ ፓውሎ 127 ቮልት ነው። ከእነዚህ ከተሞች የተገዛ የካውያ ወይም የቡና መፍጫ ማሽን ሁለቱንም የሚቀበል ካልሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ቀጫጭን ባለ ሁለት ጫፍ የስልክ ቻርጀሮች ከብራዚል ሶኬት ጋር ይገጥማሉ፤ ወፋፍራሞቹ ግን መለወጫ ያስፈልጋቸዋል። የኢግዋሱን ፏፏቴ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ወደ አርጀንቲናው ወገን ለመሻገር የዚያን አገር ቪዛ እንደሚጠየቁ አይዘንጉ።

ብራዚል የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች መካከል ስለሆነች ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ቢጫ ካርዱ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ መያዝ አለበት።